ማኅበረ ሰጋቱራና የእማማ ዘርፌ ወንበር

ሰው ትዳሩን ወይም ቤቱን በሌላ ሰው ምክር አቃናለሁ ብሎ ጭራሽ ሲያጣምመው፣ እኛ ሰፈር የሚባል አንድ አባባል አለ። አባባሉን ሁሉም ይለዋል፤ መነሻውን ግን እያንዳንዱ እንደ አፉ ነው የሚያወራው። አንዱ ግንበኞች ያመጡት ነው ይላል። ሌላው ለስደተኛ የተነገረ ነው ብሎ ይከራከራል። ባለፈው ለቅሶ ቤት አንድ ጎልማሳ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ጣቱን እየወዘወዘ፣ የጥንት ባላባቶች ችሎት ላይ የተናገሩት ነው ሲል ሰማሁት። ባላባት! ነገሩ እኮ እዚሁ ደሴ፣ እዚሁ እኛ መንደር፣ በአንድ ወንበር ምክንያት የመጣ ነው። እኔ ከወንበሩ ሠሪ ሚስት ከአስካለም ሰምቼዋለሁ፣ ከጓደኛው ከእንድሪስም ሰምቼዋለሁ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ጎረቤት ነኝና በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ሲያወሩት እስከ ዛሬ ይናደዳሉ። እውነታቸውን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እንጨት ሥራ የሚወዱ አራት ሰዎች አሉ። አናጢዎች እንዳይመስሏችሁ፤ እንጀራቸው ሌላ ነው። አራጋው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰው ግቢ ውሻ እየጮኸበት ሲዞር ይውልና ማታ መጋዙን ሲጨብጥ ነው ነፍሱ መለስ የምትለው። እንድሪስ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል በገዛ እጁ ቶርኖ ሠርቷል፤ እንጨቱን በእግሩ እያሽከረከረ፣ በመሮ እየላገ፣ ድቡልቡል ሳህን፣ መቅረዝ፣ የቅመም መውቀጫ ያወጣል። ደንበኞቹ «እንድሪስ ራስ ያጣ ለት ግንድ ይላጫል» ይሉታል። መምህር ደምስ ሒሳብ ያስተምራል፤ ከአራቱ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። ውሃ ልክ የምትባለው፣ መሐሏ ላይ የአየር ጠብታ የምትንሳፈፍባት የግንበኛ መለኪያ ከቦርሳው አትለይም። አራተኛው ሻምበል ጥጋቡ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር። ሻምበል ትልቅ ነገር ካልሆነ አይሠሩም። አንድ ጊዜ ሳሎናቸው ውስጥ ቁም ሣጥን ሠርተው ጨረሱና በመኝታ ቤቱ በር አልገባ አላቸው። ቁም ሣጥኑ ወደ አልጋው መሄድ ስላልቻለ አልጋው ወደ ቁም ሣጥኑ መጣ። እስካሁን እንግዳ የሚቀበሉት አልጋቸው አጠገብ ነው።

እነዚህ ሰዎች በወር አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተራ በተራ በየቤታቸው እየተሰበሰቡ የሠሩትን ይተያያሉ። ራሳቸው ያወጡለት ስም «የእንጨት ወዳጆች» ነው። ሚስቶቻቸው ግን ከየልብሱ ከሚራገፈው የመጋዝ ብናኝ የተነሣ «ማኅበረ ሰጋቱራ» አሉት፤ የጸናውም ይኸው ነው።

ማኅበሩ ሕግ አለው። ሕጉን ያወጡት ሻምበል ናቸው፤ ወታደር ያለ ሕግ መች ይቀመጣል። የቀረበ ሥራ ዝም ብሎ አይመሰገንም። «ማሻ አላህ» ወይም «እጅህ ይባረክ» ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሁሉም እየዞረ፣ እየዳሰሰ፣ እየተቀመጠበት፣ እንከን ማውጣት አለበት። የተገኘው እንከን ደግሞ እዚያው በተገኘበት ቤት፣ ገበታ ሳይቀርብ ይታረማል። የታረመው ሥራ በሚቀጥለው ወር በሚቀጥለው ቤት እንደገና ይታያል። እዚያ እንከን ያልተገኘበት እንደሆነ፣ በሆዱ በኩል በጋለ ምስማር አንዲት ነጥብ ይተኮስለታል። ያቺ ነጥብ ለእነሱ ሹመት ናት። ነጥብ ያላገኘ ሥራ «ጎዶሎ» ይባላል፤ ሠሪውም ዓመቱን ሙሉ «የጎዶሎው አባት» እየተባለ ይተረባል። የሻምበል ባለቤት፣ ወጡ ሦስት ጊዜ ሞቆ ሦስት ጊዜ ሲቀዘቅዝ፣ «የእነዚህን ሰዎች እንከን እኔ ባወጣው ኖሮ እስከ ፋሲካም ገበታ አይቀርብም ነበር» ያሉትን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ወንበሩ።

የአራጋው እናት እማማ ዘርፌ እሱ ዘንድ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸውን ይዟቸዋል። ከረጅሙ የጠፍር አልጋቸው ላይ ያለ ማንም እርዳታ ይነሣሉ፤ ከሳሎኑ ሶፋ ላይ ከተቀመጡ ግን ሰው ካላነሣቸው እዚያው ናቸው። እሳቸው ደግሞ በሰው እጅ መነሣት አይወዱም። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ይዘክራሉ። ያለፈው ዓመት ዝክር ላይ የነፍስ አባታቸው አባ ክንፈ ለጸሎት ሲቆሙ ቤቱ ሙሉ ተነሣ፤ እሳቸው ግን ከሶፋው መላቀቅ አቃታቸው። ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ነጠላቸው ወደቀ፣ መቀነታቸው ተፈታ፣ አንዱ ልጅ ሳቀ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ለምራታቸው ለአስካለ ያሏት እንዲህ ነው፦

«ስሞት ሰው ይሸከመኛል፣ አይቀርልኝም። እስከዚያው ለሚካኤል ራሴ ብነሣ ምን ነበረበት?»

አስካለ ይህንን ለባሏ ነገረችው። አራጋው ልቡ ተነካ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። ስንት ዘመን ያስቀመጠውን የዋንዛ ሳንቃ አወጣና እናቱን ወንበር እሠራልሻለሁ አላቸው።

«የምን ወንበር?»

«ባለ አራት እግር፣ ባለ መደገፊያ፣ እጅ ማሳረፊያ ያለው። ቆንጆ።»

«ቆንጆነቱን ለሙሽራ አድርግላት። ለእኔ ቁመቱን ዕወቅልኝ። ከጉልበቴ አንድ ጋት ከፍ ይበል፤ እንደ አልጋዬ። ከዚያ ዝቅ ካለ ወንበር አይደለም፣ ጉድጓድ ነው።»

በሲባጎ ለካቸው። ክረምት ስለነበር ግቢው ጭቃ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሠራው ሳሎን ውስጥ፣ እናቱ ሁልጊዜ በሚቀመጡባት በመስኮቱ ሥር ነበር። ደሴን ያየ ያውቃል፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሜዳ ብርቅ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ከላይ በኩል ይቆፍራል፣ ከታች በኩል ይክባል፤ ወለሉም ያው እንደ ባለቤቱ ጉልበት ነው። የአራጋው ሳሎን ወደ መስኮቱ በኩል ዘቅዘቅ፣ አለፍ አለፍ ብሎም ጎድጎድ ይላል። እዚያ የኖረ ሰው እግሩ ስለለመደው አይታወቀውም። አራጋውም አልታወቀውም። የወንበሩን እግሮች እዚያችው ቦታ ላይ እያቆመ፣ እያየ፣ እየላገ፣ ንቅንቅ እስከማይል ድረስ ገጠማቸው። የእጅ ማሳረፊያዎቹን ጫፍ እንድሪስ በቶርኖው እንደ ሎሚ አድቦልቡሎ ሠራለት፤ መዳፍ ሙሉ ሆነው ለመጨበጥ የሚመቹ።

ኮላው ከደረቀ በኋላ እማማ ዘርፌ ተቀመጡበት። ሁለቱን ሎሚዎች ጨበጡ፣ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ፣ ተነሡ። ማንም አልነካቸውም።

«ቆምኩ?» አሉ፣ ወደ አስካለ ዞረው።

«ቆመዋል እማዬ!»

መልሰው ተቀመጡ፣ መልሰው ተነሡ። እንደ ሕፃን አደረጋቸው አለችኝ አስካለ። ሚካኤልን አመሰገኑ፣ ልጃቸውን ግንባሩን ሳሙት። ወንበሩ ከቦታው ፍንክች አላለም።

እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? እኔ ይህንን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ ያቃጥለኛል። ሴትዮዋ ተነሥተዋል። ሥራው አልቋል። ግን የማኅበሩ እሑድ ደረሰ።

«የት ልትወስደው ነው?» አለች አስካለ፣ አራጋው ወንበሩን ትከሻው ላይ ሲያወጣው።

«ሻምበል ቤት ነዋ። ይታይ እንጂ።»

«ማን ይየው? የሚቀመጡበት እማዬ፣ ያዩት እማዬ። አልቋል'ኮ!»

«ነጥብ የሌለው ሥራ አለቀ ይባላል?»

«ነጥቧን ለእናትህ ጉልበት ብታደርግላቸው ይሻል ነበር!»

ሄደ።

የሻምበል ቤት ወለል አዲስ ሲሚንቶ ነው፣ እንደ ገበታ የተደላደለ። እንድሪስ በዚያን ለት ከወይራ ጉማጅ ያወጣውን ጎድጓዳ ሳህን ይዞ መጥቷል፤ ደምስ የሚታጠፍ የመጽሐፍ ማስቀመጫ። የወንበሩ ተራ ሲደርስ አራጋው መሐል ወለሉ ላይ አቆመው። ሻምበል ወገባቸውን ይዘው አንድ ዙር ዞሩት።

«እንጨቱ ጥሩ ነው። ተቀመጥበት እስቲ ደምስ።»

ደምስ ቁጭ አለ። ወንበሩ ቋ አለ። ወደዚህ ሲል ቋ፣ ወደዚያ ሲል ቋ።

«አገኘሁት!» አሉ ሻምበል፣ ጠላት እንደማረከ ሰው።

«ኧረ እቤት ፍንክች አይልም ነበር!» አለ አራጋው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ወንድምዓለም» አለ እንድሪስ። «እኔም ፀጉሩ ሲጎድል 'ስቆርጠው ልክ ነበር' ነው የምል።»

ደምስ ውሃ ልኩን አወጣና መቀመጫው ላይ አጋደማት። የአየር ጠብታዋ ወደ አንድ ጥግ ሸሸች። «ይኸው። ይቺ አትዋሽም። የፊተኛው የቀኝ እግር ረዝሟል።»

ውሃ ልክማ አትዋሽም። ግን ያልጠየቋትን አትናገርም። ወንበሩ ዘመመ ወይ አሏት፣ አዎ አለች። የማን ቤት ላይ ነው የሚቆመው ብሎ የጠየቃት የለም። መጋዝ መጣ። ከቀኝ እግሩ ትንሽ ቆረጡ፣ በዛ፤ ከግራው ትንሽ ቆረጡ፣ በዛ፤ ከኋላዎቹም ለማመጣጠን ትንሽ ትንሽ። ሲጨርሱ ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሐውልት ቆመ። ሻምበል «አሁን ወንበር ሆነ» አሉ። የሻምበል ባለቤትም «አሁን ወጥ ሆነ» ብለው የቀዘቀዘውን ገበታ አቀረቡ።

ማታ አራጋው ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሥር መለሰው። እማማ ዘርፌ ሲቀመጡበት ወደ መስኮቱ አዘነበለ።

«ምነው ልጄ? ጣለኝ እኮ።»

«እማ፣ አሁን ነው ልክ የሆነው። ለምደሽው ነው።»

«ለአንድ ሳምንት የለመድኩትን ጥሩ ነገር ነው የወሰድክብኝ?»

ተነሡ፤ ግን አንድ እጃቸው የመስኮቱን ደፍ ይዞ ነው። አራጋው ይህንን አየና ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? ሻምበል ቤት ገና አልጨረስነውም ማለት ነው አለ።

ሁለተኛው ቤት የእንድሪስ ነው። የእንድሪስ ቤት ወለል የተመረገ አፈር ሆኖ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ከጓዳ ወደ በሩ ይወርዳል። የክረምት ውሃ ሲገባ ራሱ እንዲወጣ ብሎ አባቱ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ወንበሩ እዚያ ሲቆም ወደ በሩ ተደፋ።

«በአላህ!» አለ እንድሪስ። «ይህ ወንበር ከቤቴ ሊወጣ ነው እንዴ? ገና ሻይ አልጠጣም።»

ሁሉም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ቆረጡ። ለነገሩ እንድሪስ አንዲት ቃል ወርውሯል፤ እውነቱን ለመናገር ያ ሰው አእምሮ አለው። «ወለሌስ ቢሆን?» አለ። ሻምበል ግን «ወለልህ ለነጥብ አልቀረበም፤ የቀረበው ወንበሩ ነው። ሕግ ሕግ ነው» ብለው አስቆሙት። ደምስም ውሃ ልኩን አጋድሞ «ከኋላ በኩል ነው» አለ። ከኋላ በኩል ቆረጡ።

በዚያ ሰሞን አስካለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከግቢ አምጥታ ከወንበሩ አንደኛው እግር ሥር አስገባች። አራጋው ከሥራ ሲመለስ አየውና ደሙ ፈላ።

«የእኔን ሥራ በድንጋይ ታሰድቢዋለሽ? ሰው ቢገባ ምን ይላል?»

«ሰው ቢገባ እናትህ ሳይወድቁ መቀመጣቸውን ያያል።»

«ማኅበሩ ሲያስተካክለው ድንጋይ አያስፈልገውም!»

«ድንጋዩ ከማኅበርህ ይሻላል። ቢያንስ እንከን አያወጣም።»

ድንጋዩን አንሥቶ ወረወረው። እማማ ዘርፌ ወንበሩ ላይ ነበሩ፤ ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አራጋው፣ ልጄ፣ እኔ ነጥብ አልጠየቅሁህም'ኮ» አሉት። «መነሣት ነው የጠየቅሁህ። እነሱ ይቀመጡበታል እንጂ መች ይነሡበታል? አንዳቸውንም ጉልበት አያማቸውም።»

«እማ፣ የሚቀጥለው የመጨረሻው ነው። ለሚካኤል ይደርስልሻል።»

«እንኪያስ እግሩን አታሳጥርብኝ።»

«ኧረ ትንሽ ናት! የጥፍር ያህል ነው የሚቆረጠው።»

የጥፍር ያህል። በየቤቱ የጥፍር ያህል። ሰው የራሱን ጥፍር ሲቆርጥ ባያመው፣ ከእናቱ መነሻ ላይ የጥፍር ያህል ሲቆርጥ እንዴት አያመውም እያልኩ ስንቴ አስቤአለሁ። ልጅየው እናቱን ሳይወድ ቀርቶ አይደለም። ሦስት ሰዎች ቆመው «ጎበዝ!» እንዲሉት ፈለገ፤ እናቱ ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ዘወትር እቤት ያሉ።

ሦስተኛው ቤት የደምስ ነው። ደምስ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ወለሉ የድሮ ጣውላ ነው፤ ሰው ሲረግጠው መሐሉ ይሰምጣል፣ ሲለቀው ይነሣል። ወንበሩ እዚያ ጣውላ ላይ አራቱን እግሩን አሳርፎ አያውቅም። ሻምበል ሲጠጉ ወደ ሻምበል ያዘነብላል፣ እንድሪስ ሲጠጋ ወደ እንድሪስ ያዘነብላል። ይሄኔ እንኳ አልነቁም! ከአንደኛው ቆረጡ፣ ከሌላኛው ቆረጡ፤ ደምስ ወረቀት ላይ ስንት ስንት እንደሚቆረጥ ያሰላ ጀመር፤ ሻምበል «ወደ ኋላ ዙር! ከኋላ ቁረጥ!» እያሉ ያዝዛሉ፤ አራጋው ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይገዘግዛል። ከታች ያለችው አከራይ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች ጮኸች። በመጨረሻ ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ ቆሙና ወንበሩን አዩት። ወንበሩም ቀጥ ብሎ ቆመ። ውሃ ልኩ ላይ ጠብታዋ መሐል ገባች።

«አለቀ» አለ ደምስ በሹክሹክታ።

ሕጉ ለሌላ ወር ይቆይ ይል ነበር። ግን ዝክሩ ስለደረሰና ሁሉም ስለሰለቻቸው ሻምበል «በልዩ ፈቃድ» አሉና ምስማሩ ጋለ፤ ነጥቧ ተተኮሰች። ሦስቱም አራጋውን አቅፈው ሳሙት። ያን ማታ ወንበሩን ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ በመንገድ ያገኘኝ እኔን ነበር።

«ነጥብ አገኘ!» አለኝ፣ ወንበሩን ገልብጦ ሆዱን እያሳየኝ።

«እግሩስ ምነው ያጠረ መሰለኝ?» አልኩት።

«ተስተካከለ እንጂ!» አለ። ምን ይባላል? እግዜር ያሳምረው ብዬ አለፍኩ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቤቱ ሞላ። አስካለ ከማለዳ ጀምራ አልተቀመጠችም። ማኅበረ ሰጋቱራም ሙሉውን መጣ። ለእንድሪስ የተለየ ድስት ሽሮ ተሠርቶለታል፤ እሱም ለእማማ ዘርፌ አዲስ የቅመም መውቀጫ ይዞ መጥቷል። ሴትዮዋ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ልላቸው ጎንበስ ስል ያየሁትን አልረሳውም፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ወንበሩ ወደ መስኮቱ አጋድሎ፣ እሳቸው ደግሞ ወደ መስኮቱ እንዳይንሸራተቱ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ገፍተው ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ አለ፤ በዓል ነዋ።

አባ ክንፈ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «በስመ አብ» ሲሉ ቤቱ ሁሉ ቆመ።

እማማ ዘርፌ ሁለቱን ሎሚዎች ጨበጡ። ገፉ። ወንበሩ ቋ ብሎ ወደ ጎን ሄደና መልሶ አስቀመጣቸው። ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ገፉ። ቋ። እንድሪስ እጁን ሊዘረጋ ሲል በዓይናቸው ከለከሉት። አስካለ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከሩ፤ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ አሉ፣ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩ ዞረባቸው፣ ተመልሰው ወደቁ። ከዚያ በኋላ አልሞከሩም። ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጡ። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም ድምፃቸው ከሰው ሁሉ ወገብ በታች ይመጣ ነበር።

አራጋውን አየሁት። ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ቡራኬው አልቆ ሰው ሲቀመጥ ይበቃል፣ ዝም ይላሉ፣ ያፍራሉ ብዬ ነበር። ወይ እኔ! ደምስ ሰተት ብሎ መጥቶ፣ ሴትዮዋ ገና በላዩ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ውሃ ልኩን የእጅ ማሳረፊያው ላይ አጋደማት።

«ወደ ግራ ነው። ትንሽ ናት።»

«እኔ ቤት ልክ ነበር!» አሉ ሻምበል። «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት።»

«እኔ ቤትም ልክ ነበር» አለ እንድሪስ።

«እኔ ቤት እንኳንስ ልክ፣ ነጥብ ተተኩሶበታል!» አለ ደምስ።

«ክርክሩ ምን ያደርጋል? መጋዝ ይምጣና አሁኑኑ ይታረም!» ሻምበል እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እማማ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ይነሡልን።»

ይነሡልን አሏቸው። በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት። 

አስካለ ሳህን ይዛ ነበር፤ መሬት አስቀመጠችው። «መጋዝ በዚህ በር ይገባና» አለች፣ «ከወንበሩ በፊት የምታሳጥሩት የእኔን አንገት ነው! በምን ይነሡላችሁ? መነሻቸውን በየቤታችሁ ከፋፍላችሁ ቆርጣችሁ አስቀርታችሁት!»

አራጋው ያን ጊዜ ነው የተናገረው። ለእናቱ አልነበረም፣ ለአባ ክንፈ ነው፤ እንደ ተከሳሽ። «አባ፣ እኔ'ኮ በሦስት ቤት አሳይቼዋለሁ። በሦስቱም ቤት ተስተካክሏል። ልክ አይደለም ያለኝ የለም።»

አባ ክንፈ ጎንበስ ብለው የወንበሩን አጫጭር እግሮች አዩ፣ ወደ መስኮቱ የሚወርደውን ወለል አዩ፣ ከዚያም እማማ ዘርፌን መስቀላቸውን አሳልመው በለስላሳ ድምፅ ጠየቁ፦

«እመት ዘርፌ፣ ልጆቹስ በየቤታቸው ልክ ነበር ይላሉ። ለመሆኑ ይህ ወንበር ምን ነክቶት ነው?»

እማማ ዘርፌ ግድግዳውን የያዙበትን እጅ ሳይለቁ፣ መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ሦስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱና፣ «ምን ይነካዋል አባቴ፤ በሰው ወለል የተስተካከለ፣ እቤቱ ገብቶ አጋደለ» አሉ።